«ምንም አልል» ብዬ የተሸነፍኩበት ቦርድ

ጦርነቱ ወረዳችን ሐብሩ ድረስ ሲመጣ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ጠመንጃ አነሳሁ። ጀግንነቴን ለማውራት ግን አይመችም፤ የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ያገኘኝ ቁጢጥ ብዬ ስሸና ነው። የሽንት ፊኛዬን በሳው። ቁስሉ ሻረ፤ ቧንቧው ግን መዝጊያ አጣ።

ከዚያ ወዲህ ጁምዓ መስጊድ መሄድ ቀረብኝ። ሼሃችን «ኡዝር፣ በቂ ምክንያት አለህ፤ ቤትህ ስገድ» አሉኝ። አላህ ይግባኝ እንኳ ሳልጠይቅ ምክንያቴን ተቀበለኝ፤ ወልድያ ያለው የሕክምና ቦርድ ግን «ቀላል ጉዳት» ብሎ ሸኘኝ። ከባድ የተባለ በየወሩ ዳይፐር ይሰጠዋል፤ ቀላል የተባለ እንደኔ የሚስቱን አሮጌ ቀሚስ እየቀደደ ይታጠቃል።

ጥፋቱ የኔው ነው። ያን ዕለት ሰው ፊት እንዳልዋረድ ከማለዳ ጀምሮ ጠብታ ውሃ ሳልቀምስ ሄድኩ። ልጄ የምትሆን ሐኪም «አባባ፣ እንዴት ነዎት?» ስትለኝ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልል» አልኳት። እኛ አገር ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል ቢጠየቅም መልሱ ይኸው ነው። እሷም ያልኩትን ጻፈች።

ውሳኔው ሲነበብላት ባለቤቴ ደረቷን መታች። «ኧረ አንቱ ሰውዬ! ለጎረቤት የሚሉትን ለሐኪም ይላሉ?»

ለይግባኙ አብራኝ መጣች። ከመንደራችን ከግራና ተነስተን መርሳ ከተማ ስንደርስ ብርቱካን ገዝታ እየላጠች ታጎርሰኝ ጀመር።

«በቃኝ» ስላት፣

«ለማስረጃ ነው፣ ይዋጡት!» ትላለች።

ወልድያ እስክንገባ ሹፌሩን ሁለቴ አስቆምኩት። ሦስተኛውን እሷ ከለከለችኝ።

ያችው ሐኪም ፊት ተቀመጥኩ። መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት አቤቱታ ነበረኝ።

«እንዴት ነዎት፣ አባባ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ምንም...»

«ይኸው!» አለች ባለቤቴ ከኋላዬ። «እሳቸውን አትስሚ ልጄ፤ ልብሳቸውን የማጥበው እኔ ነኝ!»

ሐኪሟ ሳቀች። እኔም ሳቄ መጣ፤ ከሳቅኩ ደግሞ አለቀልኝ። የመርሳ ብርቱካን ከወንበሩ ሥር ሲንጠባጠብ ሦስታችንም አየን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

«ይኼ ምን ያሳፍራል አባባ?» አለችና ወንበሯን አስጠጋች። ሳስል ምን እንደሚሆን፣ በቀን ስንቴ ልብስ እንደምቀይር አንድ በአንድ ጠየቀች። ባለቤቴ ትመልሳለች፤ እኔ እንደ ምስክር ራሴን እነቀንቃለሁ።

ሰነባብቶ «ከባድ ጉዳት» የሚል ወረቀት መጣ። ባለቤቴ እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤት «ማን ተዳረ?» እያለ ግቢያችንን ሞላው። ምን ብዬ ልንገራቸው?

በመጀመሪያው ጁምዓ ዳይፐሬን ታጥቄ፣ ከላይ አዲስ ሽርጤን አገልድሜ መስጊድ ገባሁ። ሶላቱ አልቆ ሰው ሲወጣ እኔ የናፈቁኝን ወዳጆቼን ይዤ ወሬዬን ቀጠልኩ። ባለቤቴ «ምሳው ቀዘቀዘ በሏቸው» ብላ ሁለት ጊዜ ብትልክብኝም ንቅንቅ አላልኩም።