ስቱኮ ያልነካው ፓራፋንጎ

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ እስራኤል አገር ቂርያት ጋት በገባን በሁለተኛው ዓመት ነው። ልጆቼ በሱዳን ስለመጣንበት መንገድ ሲጠይቁኝ ቶሎ እጨርሰዋለሁ። የዚህን የመኪና ቆርቆሮ ነገር ግን ሳይጠይቁኝም እነግራቸዋለሁ፤ ሰልችቷቸዋል።

እንደመጣን አዲስ ገቢዎችን የሚቀበሉት ሰዎች ቢሮ ጠርተው «አገርህ ምን ትሠራ ነበር?» አሉኝ። «ገበሬ» አልኩ። ውሸት ነው። አባቴ በጎንደር ገጠር የታወቁ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ እኔም ከወናፋቸው ስር ነው ያደግኩት። ግን እዚያ ማረሻውን አሠርቶ የሚሄደው ሰው ዞር ሲል «ቡዳ» ይለናል። እዚህም ያው ይሆናል ብዬ ሙያዬን ደበቅኩ።

ከዚያ በኢንዱስትሪው ቀጠና አንድ ሙሳክ፣ ማለትም ጋራዥ ውስጥ፣ ቀለም የመፋቅ ሥራ አገኘሁ። ባለቤቱ ኒሲም የሚባል ከሞሮኮ የመጣ ሰው ነው፤ ይጮሃል እንጂ ክፉ አይደለም።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ አስተማሪ አንዲት የድሮ መኪና አስጎትተው አመጡ። የሟች ወንድማቸው ነበረች። ልክ እንደ ጥንቱ፣ ምንም ስቱኮ፣ ማለትም የቆርቆሮ መሙያ ልስን፣ ሳይኖርባት እንድትታደስ ፈለጉ። ከፊት ጎማ በላይ ያለውን ግራ ፓራፋንጎ በጣቴ መታ መታ ሳደርገው ድምፁ የታፈነ ነው። በእሳት እያለሰለስኩ ስፍቀው ስቱኮው እንደ ደረቀ ጭቃ እየተቀረፈ ወረደ፤ ሁለት ጣት ይወፍራል። ከስሩ ቆርቆሮው ተጨማዶ ተኝቷል። ድሮ የጠገነው ሰው ሳያቃናው በላዩ ለስኖበታል።

ኒሲም ምትክ ፓራፋንጎ ሲያፈላልግ ሳምንት ሙሉ ስልክ ላይ ዋለ። አልተገኘም።

«በቃ፣ መልሰን በስቱኮ እንሙላው» አለ ሊጠይቁ ለመጡት አስተማሪ።

አስተማሪው አልተከራከሩም። እጃቸውን መኪናዋ ላይ አሳረፉ። አንጀቴን በሉኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ በተሰባበረ ዕብራይስጤ «እኔ ላቃናው» አልኩ።

«አንተ? ገበሬ አይደለህ እንዴ?» አለ ኒሲም።

«አይደለሁም። ቀጥቃጭ ነኝ፤ የቀጥቃጭ ልጅ።»

ይህን ብዬ ፊቱ እስኪለወጥ ጠበቅኩ። ኒሲም ከግድግዳው ላይ መዶሻ አውርዶ ሰጠኝ።

ማረሻ ወፍራም ነው፤ ምት ይችላል። ይህ ግን ስስ ነው፤ እሳት ከበዛበት ይበሳል፣ ከተበሳ ደግሞ ምትክ የለውም። የተለጠጠውን ቦታ ነጥብ ነጥብ እያደረግኩ አጋልኩት፣ በመዶሻ ሰበሰብኩት፣ በእርጥብ ጨርቅ አቀዘቀዝኩት። ሦስት ቀን ላብ በላብ ሆኜ ሠራሁ። በሦስተኛው ቀን ኒሲም መዳፉን ከዳር እስከ ዳር አሳልፎበት «ማን አስተማረህ?» አለኝ።

«አባቴ።»

«እስቲ አምጣቸው።»

በማግስቱ ይዣቸው ሄድኩ። አባቴ ከመጣን ጀምሮ ሥራ ፈተው ቤት ነበር የሚውሉት። አስተማሪውና ሠራተኛው ሁሉ ከበቧቸው። እሳቸው ግን ማንንም አላዩም፤ አጎንብሰው ጣታቸውን ቆርቆሮው ላይ አስኬዱ።

«እዚህ ጋ ቸኩለሃል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። መዶሻውን ከእጄ ወስደው በቀስታ ሦስት ጊዜ መቱት፤ ቦታው ልክ ገባ። አስተማሪው የአባቴን እጅ ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁም። መኪናዋ በዚያው ፓራፋንጎ፣ ቅንጣት ስቱኮ ሳይነካው፣ ተቀባች።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ አውቶቡሱ ውስጥ ጮክ ብለው ስለ ብረት አወሩ። ከኋላችን የጎንደር ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሁሉንም ይሰማሉ። አገር ቤት ቢሆን እንዲህ አያወሩም ነበር፤ እኔም ሰው ቡዳ እንዳይለን ቀስ በሉ እላቸው ነበር። ያን ቀን ግን «እሺ አባ፣ ከዚያስ?» እያልኩ አስወራኋቸው። አባቴን ያን ያህል ጊዜ ገበሬ ነኝ እያልኩ መደበቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ከጎናቸው በመቀመጤ ግን ዛሬም እኮራለሁ።