እሺ ካላልከን አንቀመጥም

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ባለቤቴ ዳባት ላይ አስተማሪ ነበር። ለፓርላማ ሲወዳደር የማንም ፓርቲ አባል አልነበረም፤ በግሉ ነው የቀረበው። ሰዉም የመረጠው ለዚሁ ነው። አለቃ የሌለው ሰው ይናገርልናል ብሎ በዝናብ ተሰልፎ ድምፅ ሰጠው። እኔም ነጠላዬ በስብሶ ቆሜ መርጬዋለሁ፤ ባሌ ስለሆነ ብቻ አይደለም።

ምክር ቤት ገብቶ ስለ ወንዛችን ጠየቀ። ክረምት በመጣ ቁጥር ማዶ ያለው ሰው መንገድ ይቆረጥበታል፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ዳር ደርሳ ውሃው እስኪጎድል ትጠብቃለች። ድልድዩ ለምን ተረሳ ነው ያለው። ለግል ተመራጭ የሚሰጠው ደቂቃ ደቂቃ ነው እንዴ! ጀመረ ስንል አለቀ። ቢሆንም ከዳባት እስከ ደባርቅ የሰማው ሁሉ ኮራ።

ከዚያ ወሬ መጣ። ብቻውን ለቆመ ሰው ድልድይ አይሠራም፣ መጀመሪያ ገዥው ፓርቲ ውስጥ ይግባ ተባለ። ይህን ያለው ባለሥልጣን ፊት ለፊት መጥቶ አልነገረንም። የራሳችንን ሽማግሌዎች ላከብን እንጂ፤ እግዜር ይይለት።

ባሌ ለእረፍት በመጣ ሰሞን፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ደጃችን ቆሙ። አንዱ የንስሐ አባታችን ነበሩ። ግቡ፣ ተቀመጡ ብንላቸው «እሺ ካላልከን አንቀመጥም» አሉ። በእኛ አገር ሽማግሌ ቆሞ ከለመነ እንቢ ማለት ነውር ነው። ለተጣሉ ባልና ሚስት፣ ደም ለተቃቡ ሰዎች የተበጀ ወግ ነበር። አምጥተው ለፓርቲ አዋሉት!

ባሌ ቃል የገባሁት ለመረጠኝ ሰው ነው ብሎ ተከራከረ። እነሱም አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም ብለው ተረቱበት። አንዱ እንጨት እንዳይነድ ውሃ የሚደፉበት እነማን ሆኑና! የንስሐ አባታችን መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ በዚያ እርጅና ከቅዳሴ ጀምሮ አልተቀመጡም። ባሌ እሳቸውን ብዙ አያቸውና እሺ አለ።

ተቀመጡ። እኔ እንኳን ምሳ ውሃም አላቀረብኩላቸው። ከሦስቱ ትልቁ ባሌን ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርገው፣ «ተመስገን፤ እንግዲህ ሰው አገኘህ» አሉት።

«እስከ ዛሬ እኛ ምኑ ነበርን?» አልኳቸው።

ባሌ ቀና ብሎ አላየኝም።