መርዶ ይዞ ሽርሽር

ትኬቱን የቆረጥነው ለሽርሽር ነበር። ትልቋ ልጃችን ማህሌት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቷ በፊት አንድ ዓመት ቶሮንቶ ተቀምጣ እንግሊዝኛ እየተማረች ነው። በጥቅምት ሄደን ልንጠይቃት፣ በዚያውም የኒያጋራን ፏፏቴ ልናይ ተሰናድተን ነበር። ልንሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀረን አባቴ አረፉ። አባቴ ኮልፌ ውስጥ አርባ ዓመት ልብስ የሰፉ፣ እኔና ባለቤቴ ትርሲት ሥራ ስንውል ማህሌትን ያሳደጉ፣ ልጆቼ «አባባ» የሚሏቸው ሰው ናቸው።

ለልጅቷ አልነገርናትም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ደጋፊ በሌለበት፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ዘመድ ሁሉ ፌስቡክ ላይ ምንም እንዳይለጥፍ ለመንን። እሑድ እሑድ ስትደውል «አባባ ጠበል ገብተዋል፣ እዚያ ኔትወርክ የለም» አልናት። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝና ጠበሉ ያለበትን ተራራ፣ መንገዱ የሚያልፍበትን ወንዝ ሳይቀር ገለጽኩላት። ውሸቴ ካርታ ነበረው።

ረቡዕ

ቦሌ ኤርፖርት ስንደርስ ትርሲት መጸዳጃ ቤት ገብታ ጥቁር ልብሷን አወለቀችና ቀይ ሻርፕ ጣል አድርጋ ወጣች። እኔ ሦስት ሳምንት ያሳደግሁትን የሐዘን ጺም ጠዋት ተላጭቼ አገጬን ቆርጬዋለሁ። የቀረችን የዘጠኝ ዓመቷ ታናሽ ልጃችን ሶስና ነበረች። አውሮፕላኑ ውስጥ ዶሮና ሩዝ እስኪመጣልን ድረስ አስጠናኋት።

«ማሂ ስለ አባባ ከጠየቀችሽ ምን ትያለሽ?»

«ጠበል ናቸው።»

«የት?»

«ተራራ ላይ። አባዬ፣ ስንት ጊዜ ትጠይቀኛለህ?»

ከግማሽ ቀን በላይ በረርን። አውሮፕላን የሚያስፈራው ሰው ይወድቃል ብሎ ይፈራል፤ እኔ የፈራሁት በሰላም ማረፉን ነው።

ማህሌት መውጫው በር ላይ ቆማ ስትጠብቀን አየኋት፤ አባቴ የሰፉላትን ግራጫ ካፖርት ለብሳለች። ካናዳን አይተው የማያውቁ ሰው በግምታቸው የሰፉት ነውና ከላዩ ሌላ ጃኬት ደርባበታለች። እህቷን አቅፋ አነሳቻት፣ እናቷን ሳመች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ ምን ላኩልኝ?»

ትርሲት ናት የደረሰችልኝ። «ጠበል ናቸው አላልንሽም? ሲወጡ ይልኩልሻል።»

ያረፍነው ማህሌት በምትኖርበት ኖርዝ ዮርክ ነው፤ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የትርሲት የአጎት ልጅ እትዬ ዘውዴ ዘንድ፤ ማህሌትም ለዚህ ሰሞን ከእኛ ጋር እዚያው ታድራለች። እትዬ ዘውዴ በወጣትነታቸው በሱዳን በኩል የመጡ፣ አሁን በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ ሴት ናቸው። ሻንጣ እንዳስቀመጥን ወደ በረንዳው ጠሩኝና በሩን ዘጉት።

«መርዶው ቅዳሜ ነው የሚሆነው» አሉኝ። «ሐሙስና ዓርብ ሰው ሁሉ ሺፍት ላይ ነው። ስምንት ሰው ቴክስት አድርጌያለሁ፤ ቅዳሜ ሁሉም ኦፍ ናቸው፣ በጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ይመጣሉ።»

«እስከ ቅዳሜ ልንደብቃት?»

«ሦስት ሳምንት የደበቃችሁ ሰዎች ሁለት ቀን አቃታችሁ? ለጎረቤቶቼም ነግሬያለሁ። እዚህ ሰው ሲጮህ ፖሊስ ኮል ያደርጋሉ።»

ቁልቁል ስመለከት መኪናው ሁሉ መስመሩን ይዞ ይሄዳል። በዚህ አገር ለቅሶ እንኳ ቀጠሮ ይፈልጋል ብዬ አሰብኩ።

ሐሙስ

ማህሌት አስጎብኚያችን ሆነች። በያንግ መስመር በምድር ውስጥ ባቡር ወደ መሃል ከተማ ወረድን፤ ለአንድ ሰው ሦስት ዶላር ከምናምን ነው፣ በባንክ ካርድ ነካ አድርጎ መግባት ይቻላል። የቋንቋ ትምህርት ቤቷን ከውጭ አሳየችን። ደስ ብሏታል፣ ትስቃለች፣ የጣቢያዎቹን ስም ቀድማ ትጠራለች። እኔ ግን አንዱንም ጣቢያ በቅጡ አላየሁም። ስልኳ በተንጫረረ ቁጥር አንገቴን እያሰገግሁ ማን እንደሆነ ለማየት ስሞክር ዋልኩ። አንድ ሞኝ ዘመድ «ነፍስ ይማር» ብሎ ቢጽፍላትስ? እዚሁ ሰው መሃል፣ ባቡር ውስጥ፣ ቆማ?

ከሰዓት በኋላ በኤግሊንተን ዌስት በኩል አለፍን። ለዓመታት በባቡር ሥራ ሲቆፈር የኖረ መንገድ ነው፤ የካሪቢያን ሰዎች ሱቆችና ፀጉር ቤቶች በግራና በቀኝ ተደርድረዋል። ፓቲ የሚሉትን፣ ቅመም የበዛበት ሥጋ የተሞላ ቢጫ ኬክ ገዝተን ቆመን በላን። ሳምቡሳን ያስታውሳል፣ ግን ለስለስ ይላል። ማህሌት ከቦርሳዋ የሱፍ ቆብ አወጣች፤ ጆሮ የሚሸፍን፣ ቡናማ።

«ለአባባ ገዛሁላቸው። ከጠበል ሲወጡ ይብርዳቸዋል።»

ሶስና አለቀሰች። አፏ በፓቲ እንደሞላ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ምን ሆነሽ?» አለቻት እህቷ።

«አቃጠለኝ።»

ሶስና ቃሪያ በቁሙ የምትበላ ልጅ ናት። ማህሌት ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ቆቡን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችና ወደ ቤት እስክንገባ አንድም ጣቢያ አልጠራችም።

ዓርብ

ወደ ኒያጋራ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ያህል ሄድን። ፏፏቴው የተባለለትን ያህል ነው። ሩቅ ሳለህ ድምፁ ይደርስሃል፣ ስትጠጋ ፊትህ ላይ ካፊያ ይረጭብሃል፣ ውሃው ከአፋፉ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይታጠፍና ነጭ ሆኖ ይወድቃል። በክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ያስተማርኩትን ነገር ፊት ለፊቴ አገኘሁት፤ ዓይኔ ግን ማህሌት ላይ ነበር።

ማህሌት ከእኛ ራቅ ብላ ስልክ ትደውላለች። አንድ ደቂቃ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ትዘጋለች፤ ደግሞ ሌላ ትደውላለች። ቆጠርኩ፤ ከአሥር በላይ ነው።

«ከማን ጋር ነው?» አልኳት።

«ከጓደኞቼ።» ከዚያ አገጬን አየችው። «ምን ሆነህ ተቆረጥክ? አንተ እኮ ስትላጭ ተቆርጠህ አታውቅም።»

«ምላጩ አዲስ ነው።»

«እማዬስ ቀይ መልበስ ከመቼ ጀመረች?»

«እ... እድሜ ነዋ» አልኩ። ከዚህ የባሰ መልስ በሕይወቴ ሰጥቼ አላውቅም።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ የእጅ አንጓዬን ያዘች። መንገዱን ሙሉ አልለቀቀችኝም። ጣቶቿ የደም ሥሬ ላይ ነበሩ። ናፍቄያታለሁ ማለት ነው ብዬ ልቤ ተነካ።

ቅዳሜ

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገና ጨለማ ነው። ሰዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ጫማቸውን ኮሪደሩ ላይ እያወለቁ ገቡ። ሦስቱ ከሌሊት ሺፍት በቀጥታ መጥተው ነጠላቸውን ከሥራ ዩኒፎርማቸው በላይ ነው ያጣፉት። እትዬ ዘውዴ አንድ ብርጭቆ ውሃና እርጥብ ፎጣ አዘጋጅተዋል፤ ብትወድቅ ብለው ትራሶቹን ከሶፋው አውርደዋል። ትርሲት ጥቁሯን መልሳ ለብሳለች። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ትጮሃለች፣ ራሷን ትጥላለች፣ በረንዳው በር ተቆልፏል ወይ? ሁለት ጊዜ ሄጄ አየሁት።

የመኝታ ቤቱ በር ከውስጥ ተከፈተ። ማህሌት ተኝታ አልነበረም። የአባቴን ካፖርት እስከ አንገቷ ቆልፋ ወጣች፤ ሰዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተቻቸውና መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አባባ ናቸው፣ አይደል?»

በወጉ መሠረት ነገሩን የሚጀምሩት ሽማግሌው ናቸው። ከሰዎቹ መሃል በዕድሜ የገፉት ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። እሷ ግን እጇን አነሳች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባት፣ አባዬ ይንገረኝ።»

ስንት ቃል አጥንቼ ነበር። «አዎ» ብቻ አልኩ። «አባባ አርፈዋል፤ ሦስት ሳምንት ሆናቸው።» ትራሶቹ ላይ የወደቅሁት እኔ ነኝ። ውሸቱን ስጠብቅ አባቴን አላለቀስኳቸውም ነበርና ለቅሶው ሁሉ አንድ ላይ መጣ። እትዬ ዘውዴ ፎጣውን ለእኔ አደረጉት። ማህሌት ጭንቅላቴን ይዛ እንባዋ ፀጉሬ ላይ ይወርድ ነበር።

ሰዎቹ ንፍሮና ሻይ ቀማምሰው ሲበታተኑ ወደ እኔ ተጠጋች።

«እኔ ረቡዕ ኤርፖርት ላይ ነው ያወቅሁት» አለች። «ሁላችሁም ትስቃላችሁ፣ ግን ማናችሁም ዓይኔን አታዩኝም። አንድ ሰው እንደሞተ አውቄያለሁ፤ ማን እንደሆነ ነው ያላወቅሁት። ትናንት ዘመድ ሁሉ ጋ ደወልኩ። አክስቴ አነሳች፣ አጎቴ አነሳ፣ ሁሉም አነሱ። ከአባባ በቀር። ቢሆንም አላመንኩም። ከዚያ ደግሞ ምናልባት የታመምከው አንተ ትሆናለህ፣ ልትሰናበተኝ መጥተህ ይሆናል ብዬ ትንፋሽህን ሳዳምጥ ነበር። አባዬ፣ ለአንድ ሰው ብላችሁ እኔ ሁላችሁንም አንድ በአንድ ስቀብራችሁ ከረምኩ።»

ብቻዋን እንዳትሰማ ብለን ነበር ያን ሁሉ መንገድ የመጣነው። ለካ ብቻዋን ነበረች፣ እኛው መሃል ተቀምጣ።

«ከዛሬ ጀምሮ በስልክም ቢሆን ንገረኝ» አለች። «ቃል ግባልኝ።»

ገባሁላት። ቆቡን እኔ ራሴ ላይ አደረገችልኝ።

ቤት

በሚቀጥለው ረቡዕ አዲስ አበባ ገባን። ሻንጣው ገና ሳሎኑ መሃል እንደቆመ ማህሌት ደወለች። «ደረሳችሁ? ሁሉም ሰላም?»

«ሰላም ነን» የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ከመኝታ ቤት ትርሲት በእጇ ዝም በል ትለኛለች። የተማርኩት ነገር ካለ ይኸው ነው፤ ክፉ ወሬን በስልክ መናገር፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ ይዞ ከመሄድ ይልቅ ያስፈራል።

«እናትሽ አውሮፕላን ላይ ራሷን ስታ ነበር» አልኩ። «አሁን ተኝታለች፣ ታናግረናለች። የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል፤ ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ።»

ከወዲያ ማዶ ወንበር ሲጎተት ተሰማኝ።

«እሺ አባዬ» አለች። «ተቀምጫለሁ። አሁን ሁሉንም ንገረኝ።»