በበርበሬው ሥዕል ውስጥ የተደበቀው ዋጋ

ባለፈው ሰሞን ለመታወቂያ ጉዳይ ፍኖተ ሰላም አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ነበር። መግቢያው ላይ አዲስ ስክሪን አቁመዋል። ባለጉዳይ የመጣበትን ራሱ በጣቱ ነክቶ እንዲመርጥ ነው አሉ። ከእኔ ፊት የነበሩ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን አስተካክለው ፊት ለፊቱ ቆሙ። ስክሪኑ ላይ አበባ ይበተናል፣ ፏፏቴ ይወርዳል፣ ፊደሉ ብቅ ብሎ ይጠፋል። አዛውንቱ ጥቂት ቆመው አዩትና ለጥበቃው “ያማረ ነው፣ እግዜር ይስጣችሁ” ብለው ጉዳያቸውን ሳይፈጽሙ ወጡ። ጥበቃው ደስ አለው። እኔን ግን ከፋኝ። ወንድሜ ይበልጣል ትዝ አለኝ፤ አባቴም ትዝ አሉኝ።

በኢሕአዴግ ጊዜ ነው፣ ኢንተርኔት ቡሬ ገባ በተባለ ሰሞን። እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርቱን ትቼዋለሁ። እናታችን ከሞተች ወዲህ አባቴ ከጅጋ ወዲያ ባለው ገጠራችን ብቻቸውን ቀርተዋል። እኔ ደግሞ ቡሬ ይበልጣል ዘንድ ሆኜ ቤቱን እይዝለት ነበር። እሱ ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምሮ መጥቶ አንድ የገበሬዎች ማኅበር በኮንትራት ቀጥሮታል። ሥራው ለማኅበሩ ዌብሳይት መሥራት ነው። ገበሬው በገበያ ቀን አዳራሹ ውስጥ ካለው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የበርበሬና የበቆሎ ዋጋ በየከተማው ስንት እንደዋለ ራሱ እንዲያይ። ከክልል የሚመጡ እንግዶች ሥራውን አይተው ከወደዱት ይበልጣል ቋሚ ይሆናል፣ ቡሬ ይቀራል። ካልወደዱት ኮንትራቱ ያልቅና እንጀራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይሄዳል። አባቴ የሚፈሩት ይህንን ነበር። ጉልበታቸው እየከዳቸው ነው፣ ወንድ ልጅ ደግሞ ከእሱ ሌላ የላቸውም።

ታኅሣሥ ነው። የቡሬን ታኅሣሥ የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው፤ በየደጁ በርበሬ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ መንደሩ ሁሉ ይቀላል፣ ነፋስ ሲነሣ ሰው ሁሉ ያነጥሳል። ይበልጣልም ይህንን ቅላት ወደደው። ማንኩሳ አጠገብ ካለ ማሳ የበርበሬ ፎቶ አነሣና ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ያነሣው ነው፣ እውነትም ልብ ይሰርቃል። ፊደል የሚባል ግን አይታይበትም። የማውሱን ቀስት ወስደህ አንዱ በርበሬ ላይ ስታሳርፍ ነው “ዋጋ” የሚል ጽሑፍ የሚወጣው። ሌላው ላይ ስታሳርፍ “ዘር”፣ ሌላው ላይ “ስብሰባ”። እንዲህ አድርጎ በየበርበሬው ሥር ደበቀው።

“ሰው እየፈለገ ሲያገኘው ደስ ይለዋል” አለኝ።

እኔ ዓይን አፋር ነኝ፤ ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይጠፋል። አስቀምጦ ሲያሳየኝ “ያምራል” አልኩት። እውነቴን ነው፣ ያምር ነበር።

በየገበያው ቀን ለሙከራ ብሎ ገበሬዎችን ያስቀምጣቸዋል። እኔ ምሳውን ይዤለት ስሄድ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። አንድ ቀን አያ ቢያድግልኝ የሚባሉ፣ ይበልጣል የተከራየበት ቤት ጎረቤት፣ ተቀመጡ። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩ ሰው ናቸው፣ ማንበብ አያቅታቸውም። ግን እጃቸውን ከጋቢያቸው አላወጡም። የሰው ዕቃ ሳይፈቀድ አይነካም፤ ቢፈቀድም ቢበላሽስ።

“ይንኩት እንጂ አያ ቢያድግልኝ” አለ ይበልጣል።

“ኧረ እንዳላበላሽብህ። ከዚህ ሆኜም አየሁት።”

“ዋጋውን አዩት?”

“አየሁ እንጂ ልጄ፣ አየሁ። እጅህን ይባርከው። በርበሬውማ ሊያስነጥሰኝ ደረሰ።”

ይበልጣል ሳቀ። እሳቸው መርቀውት ወጡ። ከደጅ እኔን አልፈው እንደሄዱ አህያ የሚነዳ ነጋዴ አስቆሙና “ወንድምዓለም፣ በርበሬ ዛሬ ስንት ዋለ?” ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

የኛ አገር ሰው እንዲህ ነው። ቤትህ ጠርተህ ያበላኸው ወጥ ጨው ቢያንሰው “ጨው አንሶታል” የሚልህ የለም። ይመርቅሃል፣ ይሄዳል። ይበልጣል ምርቃቱን ቆጥሮ ሁሉም ወዶልኛል አለ። ለማኅበሩ ሥራ አስኪያጅም ነገረው። ሥራ አስኪያጁም የሥዕሉን ፎቶ ለክልል እንግዶቹ አስቀድሞ ላከላቸው።

እንግዶቹ ሊመጡ ጥቂት ቀን ሲቀር አባቴ መጡ። እስከ ጅጋ በእግራቸው፣ ከዚያ ቡሬ በአውቶቡስ። በሶ በስልቻ ይዘዋል፣ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። ልጃቸው የሠራውን ሳያዩ ውኃ እንኳ አልቀምስም ብለው ቀጥታ አዳራሹ ሄዱ። ይበልጣል ወንበር ሳበላቸው። ብዙ ተቀመጡ። አንዴ ስክሪኑን ያያሉ፣ አንዴ እሱን ያያሉ። በመጨረሻ “ተመስገን” ብለው ተነሡ።

ምሳ በአዳራሹ ጥላ ሥር አቀረብኩ፤ የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ። አጠገባችን ሌሎች ገበሬዎች አረፍ ብለዋል። አባቴ ጎርሰው ሳይጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

“አንቺ ፈንታነሽ” አሉኝ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። “ሽማግሌ ከሩቅ አገር መጥቶ እዚያ ነገር ፊት ሲቀመጥ፣ የቱን እንደሚነካ ምልክት አይደረግለትም? ሰው በሥዕል ይጠግባል? እኔ ዋጋ ልይ ብዬ መጣሁ፣ በርበሬ አይቼ ተነሣሁ። በርበሬማ ደጄም አለ።”

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ፊቴ ጋለ፣ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ይበልጣል ተቆጣ። “አባ፣ እሷን ምን አድርጊ ይሏታል? እሷ እጇ የለበትም። የሠራሁት እኔ ነኝ።”

አባቴ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ እንጀራቸውን ቆረሱ። ከገበሬዎቹ አንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

እናታችን የጎረቤት ዶሮ ስጧን ሲበላባት የገዛ ዶሮዋን ነበር የምትቆጣው። “አንቺ ሌባ፣ ያሳደገሽ ሥርዓት አላስተማረሽም?” እያለች፣ ጎረቤቷ እንድትሰማ። በዚህ ያደገ ልጅ ባሕር ዳር ምን ቢጠጣ ነው የረሳው እያልኩ ስናደድ ዋልኩ። ማታ ወደ ቤት ስንሄድ፣ አባቴ ከፊታችን ከአያ ቢያድግልኝ ጋር እያወጉ፣ ድምፄን አውጥቼ ነገርኩት።

“ይቤ፣ አባ የተቆጡት እኔን አይደለም። አንተን ነው።”

“እኔን? ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ?”

“ፊት ለፊታቸው ስለተቀመጥክ ነዋ።”

ቆመ። አያ ቢያድግልኝ ነጋዴውን ሲጠይቁ የሰማሁትንም ነገርኩት። የሚያውቃቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እያስታወሰ መሰለኝ፣ የመረቁትን ሁሉ። ቀስ እያለ ፊቱ ተለወጠ።

በማግሥቱ ፎቶውን አነሣው። በቦታው በትልልቅ ፊደል “የበርበሬ ዋጋ”፣ “የበቆሎ ዋጋ”፣ “ዘር” ብሎ ከላይ ወደ ታች ደረደረና እያንዳንዱን በሣጥን ከበበው፣ ከጎኑም “እዚህ ይንኩ” አለበት። ውበቱን እመለስበታለሁ አለ፣ ግን ጊዜ አልነበረውም። መልኩ የጆንያ መልክ ሆነ።

እንግዶቹ በገበያ ቀን መጡ፣ ከረባት ያሰሩ። ሥራ አስኪያጁ ከገበሬ ሁሉ አያ ቢያድግልኝን ጠራቸው። አያ ቢያድግልኝ ተቀመጡ፤ አነበቡ፤ እጃቸው ከጋቢው ወጣ። ቀስቱን ሣጥኑ ላይ አድርሰው በአንድ ጣታቸው ፈራ ተባ እያሉ ማውሱን ነኩት። ዋጋው ወጣ። ጎንበስ ብለው አዩትና ወደ ይበልጣል ዞረው፣

“ይሄ የባለፈው ገበያ ነው። የዛሬው የታለ?” አሉት።

ይበልጣል እንደዚያ ቀን ደስ ሲለው አይቼው አላውቅም። በዚያ ስክሪን ላይ አቤቱታ ሲቀርብ የመጀመሪያው ነበር።

ከእንግዶቹ ዋነኛው ግን “ያ የተላከልን የታለ? ይህ’ኮ የቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው” አለ። ይበልጣል ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ሥራ አስኪያጁ በዓይኑ ገሠጸው። እንግዶቹ ምሳ በልተው፣ “እናሳውቃችኋለን” ብለው ሄዱ። መኪናቸው በባሕር ዳር መንገድ አቧራውን አስነሥቶ ሲጠፋ ይበልጣል በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር።

ያሳወቀን የለም። በመጋቢት ኮንትራቱ አለቀ፣ ይበልጣልም አዲስ አበባ ሄደ። እኔ ወደ ገጠር ተመልሼ አባቴ ዘንድ ገባሁ። በዚያው ክረምት ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ፣ አባቴ ምድጃው ዳር ተቀምጠው የበቆሎ እሸት ይጠብሱ ነበር። ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

“ፈንታ፣ ያን ቀን ዝም ብዬ ቢሆን ወንድምሽ እዚህ ይቀር ነበር?”

“አላውቅም አባ” አልኳቸው።

እሸቱን አገላበጡ። ከዚያ በኋላ ጠይቀውኝ አያውቁም። እሳቸው ያረፉ ጊዜ ይበልጣል ከአዲስ አበባ ሲደርስ ቀብሩ አልቆ፣ ሰው ከመቃብር እየተመለሰ ነበር።

ዛሬ ይበልጣል የታወቀ ባለሙያ ነው። ሲደውል ያንን ምሳ ያነሣል። “መጀመሪያ ሰው አስቀምጬ እጁ የት እንደሚሄድ አያለሁ፣ ማሳመሩ ከዚያ ነው። ቆንጆም መሆን አለበት፣ ያለዚያ እነዚያ ባለ ከረባቶች ይጥሉታል። አባ ናቸው ያስተማሩኝ” ይለኛል እየሳቀ። እኔም አብሬው እስቃለሁ። አባ ምድጃው ዳር የጠየቁኝን ግን አልነገርኩትም። ብነግረው፣ እሱ አስተማረኝ የሚለው ያ ቁጣ ለአባ ሸክም እንደነበር ያውቃል። ባልነግረው ደግሞ ያ ጥያቄ የእኔ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሁልጊዜ መልሱን እፈልጋለሁ። አንዳንድ ቀን አዎ ይቀር ነበር እላለሁ፣ ሥዕሉን ይዞ፣ ሰው እየመረቀው፣ ማንም ዋጋ ሳያይበት፣ ግን አባቱ አጠገብ። የትኛው ይሻል እንደነበር እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም።