ዶፍ አፉን የዘጋ ጊዜ

ሰውዬው ዶፍ ይባል ነበር። እናቱ ያወጡለትን ስም ከሚስቱና ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያስታውሰው ሰው አልነበረም። ቅጽል ስሙን ያተረፈው በአፉ ነው። መሳደብ ሲጀምር እንደ ክረምት ዝናብ ነው፤ መጠለያ የለውም፤ ትልቅ ትንሽ አይልም፤ ሲያባራም ሁሉም ራሱን አራግፎ ወደ ሥራው ይመለሳል። የሚቀየመው አልነበረም። «የሱ ስድብ ያረጥባል እንጂ አይጎዳም» ይሉ ነበር ጓደኞቹ።

ሥራው ጫኝና አውራጅ ነበር። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በተንጣለለው ትልቅ መጋዘን ውስጥ ብዙ ቡድኖች ጎን ለጎን ይሠራሉ። ማሽኑም፣ ብረቱም፣ የመስታወት ሣጥኑም፣ የመጣው ሁሉ ከጭነት መኪና ላይ በሰው ትከሻና በገመድ ይወርዳል። ከጭነት ሥር የገባ ሰው ከራሱ ጉልበትና ከፊቱ ካለው ጀርባ በቀር የሚያየው የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ተጣሪ አለው፤ ፈንጠር ብሎ ቆሞ ሁሉን የሚያይ፣ አንሡ፣ አዙሩ፣ አውርዱ የሚል፣ ለማያዩት ዓይን የሆነ ሰው። ተጣሪው ሳይናገር ጭነት የሚለቅ የለም። አንዱ በራሱ ፈቃድ ከለቀቀ ሌላው ላይ ይወድቃላ! ይህ የመጋዘኑ የመጀመሪያ ሕግ ነው።

ችግሩ፣ «አንሣ» የሚለው ሁሉም ተጣሪ መሆኑ ነበር። የአንዱ ቡድን «ልቀቅ» የጎረቤቱን ቡድን ያስለቅቃል። በዚህ ሰበብ ስንት ዕቃ ተሰበረ፣ ስንት ጣት ተቀጠቀጠ።

ዶፍ ተጣሪ በሆነ ጊዜ የችግሩን መላ ከራሱ አፍ አገኘው። ለማንሣት አንድ ስድብ፣ ለማዞር ሌላ፣ ለማውረድ ሌላ መደበ። ማንም ደፍሮ የማይላቸው ስለሆኑ ከማንም ጥሪ ጋር አይምታቱም። «ሁሉን ጥላችሁ ወደ ጎን ዝለሉ» ለማለት ደግሞ ከሁሉም የከፋችውን መረጠ። ያቺ ቃል ሰው ባለበት ቀርቶ ውሻ ባለበት እንኳ የምትባል አልነበረችም። እርሱም አደጋ ካላየ አያወጣትም። በወጣች ጊዜ ግን የቡድኑ ሰው ከማሰቡ በፊት እግሩ ይዘላል።

በዚያች ቃል ከተረፉት አንዱ የልብ ጓደኛው ግንዲላ ነበር። ግንዲላ አጭር፣ ድፍን ያለ፣ አንገት ይኑረው አይኑረው የማይታወቅ ሰው ነው። ዘወትር ከፊት፣ ከጭነቱ የታችኛው ጫፍ ሥር፣ ማንም በማይፈልገው ቦታ ይገባ ነበር። «መጀመሪያ የወለደችኝ እናቴ ናት፤ ሁለተኛ የወለደኝ የዶፍ ስድብ ነው» እያለ ይስቃል።

ይህ ሁሉ የተለወጠው የዶፍ እናት በታመሙ ጊዜ ነው። እናቱ ጸሎተኛ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን ከሥራ ደክሞ እንደመጣ፣ አንሶላቸው እንዲቀየር ከአልጋ ወደ ወንበር ሊያዛውሯቸው ከሚስቱ ጋር ተጋገዙ። እርሱ በራስጌ፣ ሚስቱ በግርጌ ያዙ። እጁን በብብታቸው ሥር አስገብቶ ወገቡን ሲያስተካክል፣ አፉ ያለ እርሱ ፈቃድ ተከፈተና ያቺ የማንሣት ስድብ ጮኻ ወጣች።

ሚስቱ የያዘችውን እግር እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እናቱ ግን ቀና ብለው አዩትና፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «ልጄ፣ እኔም ጭነት ሆንኩብህ?» አሉት።

በዚያው ሳምንት አረፉ። ከቀብር መልስ ዶፍ ሚስቱ ወደምትሄድበት ጸሎት ቤት ገብቶ ከኋላው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሕዝቡ ሲበተን መጋቢው ቀርበው ምን እንደሚፈልግ ቢጠይቁት፣ «ይህን አፌን ይውሰድልኝ» አላቸው።

ከዚያ ወዲህ ስድብ ከአፉ አልወጣም። በመጋዘኑ ሰዎቹን ሰብስቦ አዲስ ጥሪ አስተማራቸው። ለማንሣት «ተራራ»፣ ለማዞር «ወንዝ»፣ ለማውረድ «ሜዳ»።

«አለቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጂኦግራፊ ነው እንዴ የምንማረው?» አለ ግንዲላ።

«ተማር፤ ማይም ሆነህ ከምትሞት።»

«ኧረ ተሻለው! ይቺም ስድብ ናት፤ ቆጥሬብሃለሁ» ብሎ ሰዎቹን አሣቃቸው።

አንዲቷ ብቻ ሳትተካ ቀረች። የመዝለያዋን ቃል ለመተካት «በእገሊት ፈንታ ይህን እላለሁ» ማለት፣ ማለትም ስሟን መጥራት ነበረበት። አፉ ደግሞ ገና ታጥቦ የደረቀ ነው። ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ሲል ከረመ። ሰዎቹም አልጠየቁም፤ ያቺ እንዳለች ናት ብለው አሰቡ።

በጸሎት ቤቱ ደስታ ሆነ። ያን የመሰለ አፍ መዘጋቱ ለሰፈሩ ሁሉ ተአምር ነበር። መጋቢውም በመጪው እሁድ ሕዝብ ፊት ቆሞ እንዲመሰክር ጠየቁት። ዶፍ ወደ ሥራ ሲሄድም ሲመለስም የሚናገረውን በልቡ ያሰናዳ ነበር። «ንጹሕ አፍ» የምትለዋን ቃል ወዷት ነበር።

አንድ ትልቅ ጄኔሬተር ሊወርድ የመጣው በዚያ ሳምንት ነው። እንደ ዝሆን የከበደ ነገር ነበር። ከመኪናው ጀርባ እስከ መሬት ወፋፍራም ጣውላ ተጋደመ። የሚበዙት ከላይ ገመድ ይዘው ወደ ኋላ እየሳቡ ያዘገዩታል፤ ግንዲላ ከፊት በትከሻው ደግፎ ያስተካክላል። ዶፍ ከጎን ቆሞ «ሜዳ… ሜዳ… ቀስ በሉ፣ ሜዳ» ይላል።

እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ከጣውላው ሥር አንድ ስንጥቅ እንደ እባብ ሲሮጥ አየ።

ቃሏ መጣች። ጥርሱ ድረስ መጣች። አፉም ተከፈተ። ዶፍ ዋጣት።

ምላስ አጥንት ባይኖራትም አጥንት ትሰብራለች ይባላል። ዝም ያለች ምላስም እንዲሁ ናት። «ሽሹ!» ብሎ ቢጮኽ፣ ሰዎቹ ይህን ጥሪ አያውቁትምና ማን ነው የሚሸሸው ብለው ዞረው አዩ። በዚህ መካከል ጣውላው ተሰበረ። ገመድ የያዙት ሁሉ ተረፉ።

ሐኪሞቹ የግንዲላን ነፍስ አተረፉ። የቀኝ እግሩ እኩሌታ ግን ተቆረጠ።

«አንተ ሰው፣ የተሰበረው ጣውላው ነው» አለችው ሚስቱ፣ ምግብ አልቀመስ ብሎ ባስቸገራት ጊዜ። «አንተ ምን አደረግህ?»

«ምንም አላደረግሁም» አላት። «ጥፋቴ እሱ ነው እኮ።»

ሊጠይቀው ሆስፒታል ሄደ። ግንዲላ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ብርድ ልብሱ ከአንድ ወገን ጎድሏል።

«መጣህ? ተቀመጥ፤ ወንበሩ አይናከስም።»

ዶፍ ተቀመጠ።

«ጣውላው ሲንቋቋ እንደምንም ወደ ጎን ዞር አልኩ» አለ ግንዲላ። «አየሁህ። አፍህ ተከፈተ። ከዚያ ዘጋኸው።»

«አዎ።»

«መዝለል እችል ነበር። ግን ተጣሪ ሳይናገር ጭነት አይለቀቅም። ያስተማርከን አንተው ነህ። አንተን ጠበቅሁ እኮ፣ ወንድሜ።»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«ቃሏን። እሁድ ሕዝብ ፊት ልቆም ነበር። አፌ ንጹሕ ሆነ ብዬ ልናገር።»

ግንዲላ ብርድ ልብሱን በጎደለው ወገን በእጁ ዳሰሰ። ቀጥሎም በዝግታ፣ «እንግዲያ መንግሥተ ሰማያትህን በኔ እግር ገዛሃት በለኛ» አለ። ፊቱንም ወደ ግድግዳው መለሰ። «ውጣልኝ።»

ወሬውን የሰሙት መጋቢ ሊያጽናኑት ከቤቱ መጡ። ደግ ሰው ነበሩ። «ወንድሜ» አሉት፣ «በዚያች ቅጽበት ብትሳደብ ኖሮ እግዚአብሔር የሚቀየምህ ይመስልሃል? ልጇ እሳት ውስጥ ሊገባ ሲል የምትጮኽ እናት ቃል ትመርጣለች?»

«እኔም ለራሴ እንዲህ ብዬው ነበር» አለ ዶፍ። «አላሳረፈኝም። መሳደብ ነበረብኝ ስል እናቴ ትመጣብኛለች። ዝም ማለቴ ደግ ነው ስል ግንዲላ ይመጣብኛል። መጋቢ፣ ጥፋቴ የዚያች ቅጽበት አይደለም፤ ከዚያ በፊት ነው። ክፉውን ቃል ከአፌ አወጣሁ፤ በቦታው ግን ምንም አላስቀመጥኩም። ስሟን ስጠራ አፌ ይቆሽሻል ብዬ ተውኳት። ለአፌ ሳሳሁ፤ ለሰዎቹ ግን አልሳሳሁም።»

«ይህንን እሁድ ንገራቸው» አሉ መጋቢው።

«ይቅርብኝ። መጀመሪያ ከምነግረው ሰው ጋር አልጨረስኩም።»

በማግሥቱ ወደ መጋዘኑ ኃላፊ ገብቶ፣ ግንዲላ ሲያገግም የተጣሪነቱን ቦታ እንዲሰጠው፣ ራሱም በግንዲላ ቦታ ከጭነቱ ሥር እንዲገባ ለመነ። የተጣሪ ቦታ ወገቡ ለደከመ ሰው የሚሰጥ፣ ደመወዙም ከተሸካሚ የሚሻል ነው። ተጣሪ ሆኖ ወደ ተሸካሚነት የወረደ ሰው በመጋዘኑ ታይቶ አያውቅም። ኃላፊው ሽበቱን አየና፣ «ጤና የለህም እንዴ?» አለው። በኋላ ግን እሺ አለ።

ግንዲላ ከሆስፒታል ወጥቶ ነበርና ዶፍ ወደ ቤቱ ሄደ። የግንዲላ ሚስት በሩን እኩሌታ ከፍታ አየችው፤ ለጥቂት ጊዜ አሰበችና ሙሉውን ከፈተችለት።

«ምጽዋት ነው?» አለ ግንዲላ ነገሩን ሲሰማ።

«አይደለም። ቦታው ከሥር ያለው ሰው ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ከአንተ በላይ ከሥር የኖረ ማን አለ?»

«እኔ አንተን አይደለሁም። ጸሎት ቤት አልሄድም። ሲያናድዱኝ እሳደባለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«አንተንም እሰድብሃለሁ። እናትህን ሁሉ።»

«እናቴን ተዋት» አለ ዶፍ። «የሷን ድርሻ ሰምታለች።»

ግንዲላ ሳያስበው ፈገግ አለ። ፈገግታውን ግን ቶሎ ሰበሰበው። «የመዝለያዋስ? የድሮዋን ብላትስ?»

ዶፍ ጠጋ አለ። «ከአንተ አፍ ንጹሕ ቃል ብትወጣ ደስ ይለኛል። እኔ ከእንግዲህ ያቺን አልላትም፤ ይህ የኔ ነገር ነው። ቃል ቢጠፋህ ግን የመጣልህን በል። ብቻ እያየህ ዝም አትበለኝ።»

ግንዲላ ምርኩዙን በመዳፉ እያንከባለለ አሰበ። «‹እሳት› ብል መጋዘኑ በሙሉ ባልዲ ይዞ ይመጣብኛል» አለ። «ተራራና ወንዝ ካልን ዘንዳ፣ ‹ጎርፍ› ትሁን። እንዳትሳሳት ደግሞ፤ ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩም።»

«አላልክም» አለ ዶፍ።

ግንዲላ ሥራ በጀመረ ዕለት በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ከሁሉ አስቀድሞ ሰዎቹን ባዶ እጃቸውን አሰልፎ «ጎርፍ!» እያለ አዘለላቸው። ጎረቤት ቡድኖች ሥራ ትተው ሣቁ። ግንዲላ የሣቁትን በየስማቸው ሰደባቸውና እንደገና አዘለለ፤ ቃሉን ጆሮ ሳይሆን እግር እስኪያውቀው ድረስ። ሽበታሙ ዶፍም ከወጣቶቹ ጋር ሲዘል ዋለ።

ከዚያ እውነተኛው ጭነት መጣ። ዶፍ ትከሻው ላይ ጨርቅ አድርጎ ከፊት፣ ከታችኛው ጫፍ ሥር ገባ። ቦታው ጠባብና ጨለም ያለ ነው፤ የብረትና የላብ ሽታ አለው። ቀና ለማለት ቢሞክር አልቻለም። የሚታየው የገዛ ጉልበቱ ብቻ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ከጎን ቆሞ ሲጣራ፣ እዚህ ያለ ሰው ይህን ያህል ብቻውን መሆኑን አላወቀም ኖሯል። ከውጭ የቀረለት አንድ ነገር የሰው ድምፅ ነው፤ እርሱም እስኪመጣ ድረስ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ።

«ተራራ!» አለ ግንዲላ፣ አስከትሎም ለዶፍ ብቻ የሚሆን አንድ ስድብ ጨመረበት።

ዶፍ አልመለሰም። ትከሻውን ሰጥቶ ተነሣ።