ክረምቱን ሙሉ የመረጥኳት ደሴት

ባለፈው ሳምንት የታላቅ ወንድሜ የታምራት አስከሬን ከደቡብ አፍሪካ መጥቶ ሶዶ ቀበርነው። ድንኳኑ ውስጥ፣ ያኔ አብሮት የሄደው ጓደኛው መርክነህ አጠገቤ ተቀምጦ አንድ ነገር ነገረኝ። እሱን ኋላ እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ ያ ክረምት።

ታምራት ገበያው ዳር ፀጉር ቤት ነበረው። በሰኔ ወር ሦስት ፖስተሮች ገዝቶ ግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ ዛንዚባር፣ ሲሸልስ፣ ሞሪሸስ። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። ዝናቡ ከዳሞታ ተራራ ወርዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደንበኛ ይጠፋል። የተቀቀለ በቆሎ እየፈለፈልን ፖስተሮቹን እናያለን።

«አስረኛን ስትጨርስ አንተና እኔ ለሽርሽር እንሄዳለን» አለኝ። «የት እንደሆነ አንተ ምረጥ።»

አመንኩት። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ያለውን ሳያደርግ ቀርቶ አያውቅም።

ምርጫው ቀላል አልነበረም። የሲሸልስ ውሃ ያምራል፤ ግን ፖስተሩ ላይ ሰው የለም። ሞሪሸስ ተራራ አላት፤ ተራራ እኛም አለን። ዛንዚባር ላይ መረብ የሚጎትቱ ሰዎች ነበሩ። ደንበኞችም በምርጫው ይገባሉ። ጨርቅ የሚነግዱት ሐጂ ከድር፣ ፊታቸው በሳሙና እንደተሸፈነ፣

«ዛንዚባር ይሻላል። እስላም አገር ነው፤ እንግዳ ጦሙን አያድርም» አሉ።

«ሐጂ፣ እኛ እኮ ጴንጤ ነን» አለ ታምራት።

«የጴንጤ ሆድ አይርበውም እንዴ?»

ታምራት ግን ቶሎ እንድወስን አይፈልግም ነበር። ዛንዚባር ስለው፣ «ሲሸልስንስ ደህና አድርገህ አይተሃታል?» ይለኛል። እንደገና እጀምራለሁ። ነሐሴ ሲያልቅ ቆረጥኩ።

«ኢሻ፣ ዛንዚባር ነው» አልኩት። ኢሻ በቤታችን ቋንቋ ወንድሜ ማለት ነው። መቀሱን አስቀምጦ ጨበጠኝ።

ጊፋታ ደረሰ። በእኛ አገር በዘመን መለወጫው ሰው ወደ ቤቱ ይገባል እንጂ ከቤቱ አይወጣም። አውቶቡሱ ሞልቶ ይመጣል፣ ባዶውን ይመለሳል። በዋዜማው ታምራት በዚያ ባዶ አውቶቡስ ሄደ። ለእናታችን ግን የቅርጫ ሥጋ ልቀበል ብሏት ነው የወጣው። ለበዓሉ የተሠራው ምግብ፣ ሙቹዋው፣ ላይ ያለው ቅቤ እስኪረጋ ጠበቅነው።

«ላንተ ሳይነግርህ አይሄድም። የት ነው?» አለችኝ እናቴ።

«ዛንዚባር ይሆናል» አልኳት። «ቦታውን አይቶ ይመጣል።»

ይህን ያልኩት የምሬን ነው።

በገና ሰሞን ከደቡብ አፍሪካ ደወለ። ስለ ደሴቷ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አላነሳም። ዕድሉ ድንገት መጥቶበት ነው፣ ለመንገር ጊዜ አላገኘም እያልኩ፣ ቀስ በቀስ፣ ይቅር አልኩት።

መርክነህ በድንኳኑ ውስጥ ሊያጽናናኝ ፈልጎ እንዲህ አለኝ፤

«ወንድምህ ምስጢር መጠበቅ ያውቅ ነበር። ከሚያሻግረን ደላላ ጋር የተነጋገርነው በፋሲካ ነው። በጊፋታ ዋዜማ አውቶቡስ ባዶ ነው፣ ማንም አይጠረጥረንም ያለውም እሱ ነው። እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ አላለም።»

በፋሲካ። ፖስተሮቹን የለጠፈው ከዚያ በኋላ፣ በሰኔ ነው።

ለምን እንዳስመረጠኝ አላውቅም። ዓይን ዓይኑን እንዳላየው፣ ግድግዳውን እንዳይ ይሆናል። ወይ ደግሞ እሱም ከኔ ጋር ትንሽ መሄድ አምሮት ይሆናል። የምጠይቀው ሰው ከአፈር በታች ነው። ፀጉር ቤቱም ዛሬ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ትናንት በደጁ አለፍኩ፣ ግድግዳውን አየሁት፣ በነጭ ቀለም ተቀብቷል።

እኔ ግን ያን ክረምት ሙሉ ከልቤ ነበር የምመርጠው።