መብራት ሲጠፋ እፎይ የሚለው ሰው

አሶሳ ውስጥ መብራት ሲጠፋ እፎይ የሚል ሰው ቢኖር የአንድ የክልል ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ ነው። ጸሐፊዋ ኦብሴ ከትይዩ ጠረጴዛዋ ሆና ታየዋለች። በዚያ ሁሉ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ ኮምፒውተሩን ከመክፈቱ በፊት መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠርግና ያማትባል።

የክልሉን አዲስ ድረ ገጽ የሚሠራው ከኢንተርኔት በነፃ ባወረደው የሶፍትዌር መሣሪያ ነው። «ነፃ ነው፤ የዓለም ሰው ተባብሮ ያበጀው ነው» ብሎ ኃላፊውን ያሳመነውም ራሱ ነው። መሣሪያው ግን ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነው። አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ትናንት ያማረው ገጽ ባዶ ነጭ ሆኖ ያድራል። ለሠሪዎቹ ደጋግሞ ቢጽፍም መልስ የሚሰጠው የለም።

«ኢንጂነር፣ ይሄ ነገር ቢበላሽ የሚጠየቀው ማነው?» አለችው ኦብሴ አንድ ቀን።

«እኔ ነኛ» አለ፣ በሩን በሩን እያየ።

ኃላፊው «የት ደረሰ?» ባሉት ቁጥር «መብራቱ አስቸገረን እኮ ጌታዬ» ይላል። መብራቱም እስካሁን አላሳፈረውም።

ዛሬም ጠፍቶለት ዘና ብሎ እንደተቀመጠ ኃላፊው እየሳቁ ገቡ።

«እንኳን ደስ አለህ፣ ጄኔሬተር መጣልህ! በል ድረ ገጹን ሊያዩ የተጠሩት እንግዶች ደርሰዋል፣ ክፈትና አሳያቸው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ኦብሴ እጁን አየችው። ሱሪው ላይ ይጠርገዋል፣ ደግሞ ይጠርገዋል፤ ላቡ ግን አልደርቅ አለ። ውጭ ሞተሩ አጓራ፤ አምፖሉም ፊቱ ላይ ቦግ አለ።